ከማዕዱ ያስነሣው ማን ነው?

አጎቴ በአክስቴ አርባ ላይ፣ በቅጡ ሳይጎርስ፣ እጁን ታጠበ። ነገሩ ካለፈ ቆይቷል። እኔ ግን ልተወው አልቻልኩም። ቅዳሴ ላይ ቆሜ የጳውሎስ መልእክት ሲነበብ ሐሳቤ ወደዚያ ድንኳን ይሄዳል። ከሰው ጋር ስለ እምነትና ስለ ሥራ ወሬ ከተነሣም እንደዚያው ነው። ሰው ሲከራከር እሰማለሁ፤ በዐይኔ የሚመጣው ግን የአጎቴ ጣቶች ላይ የሚወርደው ውሃ ነው። ውሃውን የማፈስሰው እኔ ነበርኩ።

በእኛ ቤት ካለጊዜው እጅ መታጠብ ቀላል ነገር አይደለም። ማንም ሳይሳደብ፣ ማንም ሳይጮህ፣ «በቃኝ» ማለት ነው። በተለይ በተዝካር ቀን። በተለይ የሚታጠበው የሟች ታላቅ ወንድም ሲሆን።

ሁለት ድስት

ለደሴ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም። ሰርግም ሆነ ተዝካር፣ እርዱ ሁለት ነው። የክርስቲያኑን በግ ክርስቲያን በስመ አብ ብሎ ያርደዋል። የሙስሊሙን ሙስሊም ቢስሚላህ ብሎ ያርደዋል። ቢላዋውም ድስቱም ለየቅል ነው። ድንኳኑ ግን አንድ ነው። ሐዘኑም አንድ ነው። የእኛ ዘመድ ራሱ ድብልቅ ነው፤ የአያቴ ወንድም ልጆች በሙሉ ሙስሊሞች ናቸው። አክስቴ ስትሞት ከሁሉ በላይ ያለቀሱት እነሱ ነበሩ።

የዚያን ቀን ከጓሮ ነበርኩ። ሴቶቹ ከሌሊት ጀምሮ እዚያው ነበሩ። ጦሳ ጉም ለብሶ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሽንኩርቱን አብረን ላጥነው፤ ክርስቲያኗም ሙስሊሟም በአንድ ሰፌድ ዙሪያ። በርበሬው አንድ ነው። ቅቤው አንድ ነው፣ ከአንድ ቅል የወጣ። ጨው ሲያንስ ማን ከማን እንደተበደረ የሚቆጥር የለም። ቁሌቱም ቢሆን ስንማሰል ያደርነው ተራ በተራ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ሥጋው ሲገባ ብቻ ነው። ያኔ ጎረቤታችን ከነጠላዋ ጥለት ቀይ ክር መዘዘችና የሙስሊሙ ድስት ጭልፋ እጀታ ላይ ቋጠረችው። እንዳይምታታ ነው። ምንም አልተባለም። ማንም አልተከፋም። ቀይ ክር ያለው የእነሱ፣ የሌለው የእኛ።

ድንኳኑ ውስጥ ትሪ ቀረበ። አጎቴ ከቤተሰቡ ጋር ተቀመጠ። ከፊት ለፊቱ ባለው ትሪ ደግሞ ሐጂ ነበሩ፤ የአጎቴ የልጅነት ጓደኛ፣ የአክስቴ የአርባ ዓመት ጎረቤት። ጠላው ለእኛ፣ ቀሪቦው ለእነሱ። ከአጎቴ ጎን የአክስቴ የእህት ልጅ ተቀምጧል። ኮምቦልቻ ተወልዶ ያደገ፣ አሁን አዲስ አበባ የሚኖር ልጅ ነው። የወንጌል አማኝ ነው። ተዝካር እንደማያምንበት ሁላችንም እናውቃለን። ግን መጥቷል። በዋዜማው ሐረጎን በጨለማ ወጥቶ መጥቶ ድንኳን ሲተክል፣ አግዳሚ ሲሸከም፣ ውሃ ሲቀዳ ነው ያደረው። ይህን የምለው ልጁን ክፉ አድርጎ የሚያይ ሰው እንዳይኖር ነው። ፍቅር ባይኖረው አይመጣም ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁለት ድስት እስከ መቼ ነው?» አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የጀመረው። «ለጴጥሮስ እኮ ተነሣና አርደህ ብላ ተብሎለታል። እግዚአብሔር ያነጻውን አንተ አታርክሰው ተብሏል። ክርስቶስ ከሕግ ነጻ ካወጣን በኋላ እኔና ሐጂን ድስት ይለየናል?»

አጎቴ «ብላ ልጄ» ብቻ አለው።

ልጁ ተነሣ። ሣህን ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ። ቀይ ክር ካለበት ድስት አስቀድቶ መጣ። ለብቻው ቢበላው ኖሮ ምናልባት ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። እሱ ግን ወጡን እኛ ትሪ ላይ፣ አጎቴ በሚበላበት እንጀራ ላይ ገለበጠው። ከዚያ ለሐጂ ፈገግ አለላቸው። ሐጂ በልጅነቱ ትከሻቸው ላይ ተሸክመውት ዞረዋል። እሳቸውን ያከበረ መስሎት ነው።

ወጡ እየተንሸራተተ ከእኛው ወጥ ጋር ሲቀላቀል አየሁት። አጎቴም አየው። አልተቆጣም። ቀና ብሎ በእጁ ጠራኝ። ማስታጠቢያውን ይዤ ሄድኩ።

ድንኳኑ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ ሐጂ ተናገሩ። «አብሽር ልጄ፣ ከእኛ ድስት መብላትህ እኔን ደስ ይለኛል። ግን አጎትህ ታጠበ። እሱ ሳይበላ እኔ እንዴት ብዬ ልብላ?» አሉና እሳቸውም እጃቸውን ዘረጉልኝ። ለእሳቸውም አፈሰስኩላቸው።

አንጾኪያ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ቤቴ ስገባ መጽሐፉን ገለጥኩ። ልጁ የጠቀሰውን ሁሉ አንድ በአንድ አየሁት። የጠቀሰው ትክክል ነው። ጴጥሮስ በኢዮጴ፣ በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ሰገነት ላይ ሲጸልይ ሰማይ ተከፍቶ እንደ ሸማ ያለ ነገር ወረደለት። ውስጡ ሕጉ የከለከለው እንስሳ ሁሉ አለ። «አርደህ ብላ» ተባለ። እንቢ አለ። ሦስት ጊዜ ተደገመ። ወዲያው ከቂሣርያ፣ ከመቶ አለቃው ከቆርኔሌዎስ የተላኩ ሰዎች በር ላይ ቆሙ።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ በፍጥነት አልፈው የነበረ ነገር ያዘኝ። ጴጥሮስ ራእዩን ሲተረጉመው ስለ ሥጋ አንድም ቃል አልተናገረም። ቆርኔሌዎስ ቤት ገብቶ የተናገረው «ማንንም ሰው ርኩስና የሚያስጸይፍ ነው እንዳልል እግዚአብሔር አሳየኝ» ብሎ ነው። ሰው ነው ያለው። ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለስም የቀረበበት ክስ ርኩስ በላህ የሚል አይደለም። «ወዳልተገረዙ ሰዎች ገብተህ ከእነርሱ ጋር በላህ» የሚል ነው። ክሱ «ከእነርሱ ጋር» የሚለው ላይ ነው።

ከዚያ ገላትያ 2። በአዲስ ኪዳን ውስጥ እንደዚህ ፊት ለፊት የተነገረ የሐዋርያት ጠብ የለም። አንጾኪያ ማለት ደቀ መዛሙርቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ክርስቲያን የተባሉባት ከተማ ናት። ጴጥሮስ እዚያ ከአሕዛብ አማኞች ጋር አብሮ ይበላ ነበር። የኢየሩሳሌምን ቤተ ክርስቲያን ይመራ ከነበረው ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ግን ፈርቶ አፈገፈገ፤ ተለየ። ሌሎቹም አይሁድ ተከተሉት። በርናባስ እንኳ ተጎተተ። ጳውሎስ «ፊት ለፊት ተቃወምሁት» ይላል፣ በሁሉ ፊት።

ከዚህ ጠብ ነው ያ ታላቅ ቃል የወጣው፤ ሰው በሕግ ሥራ ሳይሆን በኢየሱስ ክርስቶስ በማመን ይጸድቃል የሚለው። ስንት መጽሐፍ ተጽፎበታል። ስንት ቤተ ክርስቲያን ተከፍሎበታል። እኔም ስለ እምነትና ሕግ ሳስብ የኖርኩት ነገሩ በመጽሐፍ ቤት፣ በሊቃውንት መካከል የተጀመረ ይመስል ነበር። የተጀመረው ግን ምግብ ቀርቦ፣ አንድ የተከበረ ሰው ከማዕድ ተነሥቶ በመሄዱ ነው። እዚያ የቀሩት የአንጾኪያ አሕዛብ ምን ተሰማቸው? ትናንት አብሯቸው የበላው ትልቁ ሐዋርያ ዛሬ ሌላ ጥግ ተቀምጧል። ማንም «እናንተ ርኩሳን ናችሁ» አላላቸውም። ግን ገብቷቸዋል።

የጳውሎስ ቁጣ በዚህ በኩል ሲታይ አንጀቴ ውስጥ ገባ። ያን ቁጣ ይዤ ወደ እኛ ድንኳን ስመለስ ግን ነገሩ ተገለበጠብኝ። የእኛው ልጅ በጳውሎስ ቃል ተናገረ። ከማዕድ የተነሣው ግን በእሱ ምክንያት ነው። ልጁ የጳውሎስን ወገን ይዞ፣ ውጤቱ ልክ አንጾኪያ የሆነው ሆነ፤ ሰው ከሰው ተለየ።

ያው ጳውሎስ

ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን ያው ሰው ነው የጻፈው። እዚያ ጥያቄው ለጣዖት ስለ ተሠዋ ሥጋ ነበር። ጳውሎስ ጣዖት ከንቱ ነው፣ መብል ወደ እግዚአብሔር አያቀርበንም ይላል። የልጁ ወገን ነው ማለት ነው። ወዲያው ግን እንዲህ ብሎ ይደመድማል፤ «መብል ወንድሜን የሚያሰናክል ከሆነ፥ ወንድሜን እንዳላሰናክል ለዘላለም ከቶ ሥጋ አልበላም።» ለዘላለም። ሰው ለዘላለም የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ ምን እያለ እንደሆነ ያውቃል።

ለሮሜ ሰዎች ደግሞ ይብሳል። በምዕራፍ 14 በአንድ ትንፋሽ ሁለቱንም ይላቸዋል። «በራሱ ርኩስ የሆነ ነገር እንደሌለ» አውቄአለሁ ይላል። በሚቀጥለው ቁጥር «ወንድምህንም በመብል ምክንያት የምታሳዝን ከሆንህ እንግዲህ በፍቅር አልተመላለስህም» ይላል። ከዚያ በፊት ደግሞ እኔን ያስቆመኝ ዐረፍተ ነገር አለ፤ «የሚበላ የማይበላውን አይናቀው የማይበላውም በሚበላው አይፍረድ።» ሁለቱ የተከለከሉት ኃጢአት አንድ አይደለም። ሕግ ለሚጠብቅ ሰው ፈተናው መፍረድ ነው። ነጻ ነኝ ለሚል ሰው ፈተናው መናቅ ነው። እኛ አገር ስለ መጀመሪያው ብዙ ይሰበካል። ፈሪሳዊ፣ ወግ አጥባቂ፣ የሕግ ባሪያ ይባላል። ስለ ሁለተኛው ማን ይሰብካል? በእምነት ነጻ የወጣ ሰው አሮጊት እናቱን «ጾምሽ አያድንሽም» ሲላት፣ ያ ንቀት ሮሜ 14 ላይ ተጽፎ እንደሚገኝ የሚነግረው ማን ነው?

ጳውሎስ በሥራውም እንዲሁ ነው። ቲቶን አልገረዘውም፤ ግዴታ ነው ሲሉት አሻፈረኝ አለ። ጢሞቴዎስን ግን ራሱ ገረዘው፤ በዚያ አገር ስለ ነበሩት አይሁድ ሲል። በሐዋርያት ሥራ 21 ኢየሩሳሌም ሲገባ ያዕቆብና ሽማግሌዎቹ ስእለት ካለባቸው አራት ሰዎች ጋር ሆነህ ንጻ፣ ወጪያቸውንም ክፈል አሉት። ከፈለ። ገላትያን የጻፈው ሰው ቤተ መቅደስ ገብቶ የመንጻትን ሥርዓት ፈጸመ።

ይህን ያዩ ሰዎች ጳውሎስ ይዋዥቃል ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰውየው የሚለካበት አንድ ነገር አለው። ይህን ሕግ ብጠብቅ ከማዕዱ የሚባረር አለ? ይህን ሕግ ብጥስስ የሚባረር አለ? አንጾኪያ ላይ ሕጉን መጠበቅ ሰው አባረረ፤ ጮኸ። ቆሮንቶስ ላይ ሕጉን መጣስ ሰው ያሰናክላል፤ ሥጋ ይቅርብኝ አለ። ሥጋው እዚህም እዚያም ያው ሥጋ ነው።

ያዕቆብም ቢሆን

በዚህ ክርክር ያዕቆብን የጳውሎስ ባላንጣ አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ነው። አንዱ «ሰው ያለ ሕግ ሥራ በእምነት እንዲጸድቅ እንቆጥራለን» ይላል። ሌላው «ሰው በእምነት ብቻ ሳይሆን በሥራ እንዲጸድቅ ታያላችሁ» ይላል። ሁለቱም ምስክር የሚጠሩት አብርሃምን ነው። ጳውሎስ አብርሃም ሳይገረዝ በፊት ያመነበትን ቀን ይጠቅሳል፤ ያዕቆብ ይስሐቅን መሠዊያ ላይ ያቀረበበትን። በዘፍጥረት ቢቆጠር ከምዕራፍ 15 እስከ ምዕራፍ 22 ነው። በመካከሉ የአንድ ሰው ዕድሜ አለ። የአንድን ሰው ወጣትነትና ሽምግልና ጠቅሰው ሁለት ሰዎች ቢከራከሩ ሁለቱም ሊዋሹ አይችሉም።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሳበኝ ያዕቆብ ይህን ሲል ምን እያየ እንደነበር ነው። የምዕራፍ 2 መጀመሪያ ስለ መቀመጫ ነው። የወርቅ ቀለበት ያደረገ ሰው ሲገባ «በመልካም ስፍራ ተቀመጥ» ይሉታል። ድሀውን ግን «ከእግሬ መረገጫ በታች» ይሉታል። ትንሽ ዝቅ ብሎ ደግሞ የተራበ ወንድም አለ፤ «እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብለው ባዶ እጁን ይሸኙታል። ያዕቆብ የሞተ ያለው እምነት ይህ ነው። ጳውሎስ የተቆጣው ሰው ከማዕድ ስለ ተለየ ነው። ያዕቆብ የተቆጣው ሰው ከማዕድ በታች ስለ ተቀመጠ ነው። የሚከራከሩ ይመስላሉ እንጂ እኔ ሳነባቸው አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ናቸው። ጳውሎስም ያው ገላትያ ላይ የሚረባው «በፍቅር የሚሠራ እምነት» ነው ብሎ የለ!

በኢየሩሳሌሙ ጉባኤም «ከአሕዛብ ወደ እግዚአብሔር የሚመለሱትን እንዳናስቸግር» ብሎ የፈረደው ያዕቆብ ነው። ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ከታነቀና ከዝሙት ራቁ ብቻ ተባለ። ከአራቱ ሦስቱ የገበታ ነገር ናቸው። ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት ሁለቱ ወገኖች አንድ ላይ መብላት እንዲችሉ የተቀመጠ አነስተኛ ሕግ ነው። እኔም እንደዚያ ሲታይ ነው ትርጉም የሚሰጠኝ።

አጎቴ የነገረኝ

አጎቴን ቆይቼ ጠየቅሁት። ሸዋ በር ካለው ቤቱ ቡና እየጠጣን ነበር። ለምን ታጠብክ አልኩት። የፍርድ ቃል ጠብቄ ነበር፤ ረክሷል ይለኛል ብዬ።

«ቀኑ የእሷ ነው» አለኝ። «እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ በዚህ ሥርዓት ኖራ ሞተች። ሐጂ በጠና ታሞ ሲተኛ አርባ ቀን ሾርባ ያመላለሰችለት እሷ ናት። በግ ገዝታ፣ በእሱ ቤት በእሱ ልጅ አሳርዳ፣ በእሱ ድስት ቀቅላ ነው ያመላለሰችው። አንድ ቀን የራሷን ድስት ወስዳ አታውቅም። ከሞተች በኋላ እኔ በተዝካሯ ላይ ሥርዓቷን ላፍርስ? ልጁ ቢጠይቀኝ፣ አንድ ሌላ ቀን እኔ ቤት ሐጂን ጠርቶ ቢያደርገው፣ ምን እንደምል እኔም አላውቅም። ያን ቀን ግን አይሆንም።»

ይህ ሕግ ነው ወይስ እምነት? እኔ መለየት አቅቶኛል። አክስቴ የራሷን ድስት ወደ ሐጂ ቤት ያልወሰደችው ስለ ራሷ ሕግ አልነበረም። ስለ እሳቸው ሕግ ነበር። የሌላውን ሰው ሕግ ለእሱ ብላ ጠበቀችለት። እሷ ሮሜ 14ን በቃሏ አታውቅም፤ ማንበብም አትችልም ነበር።

በሕግ አምላክ

«በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይባላል። ደስ የሚል አባባል ነው። ግን እምነትን በሕግ ማቆም እንደማይቻል ከደሴ ሰው በላይ ማን ያውቃል? ቦሩ ሜዳ ከተማው ወጣ ብሎ ያለ ሜዳ ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ ምኒልክም ባሉበት፣ የሃይማኖት ጉባኤ የተደረገው እዚያ ነው። በክርስቲያኖች መካከል ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የነበረው ክርክር ተፈረደ። ቀጥሎ የወሎ ሙስሊም መኳንንት ተጠመቁ ወይም ሹመት ልቀቁ ተባሉ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቆ ሚካኤል ተባለ። ኋላ ንጉሥ ሆነ። ደሴን መናገሻው ያደረገ፣ አይጠየፍ አዳራሽን ያሠራ እሱ ነው። ብዙው ሕዝብ ግን ቀን ክርስቲያን፣ ማታ ሙስሊም ሆኖ ኖረ ይባላል። እምቢ ብሎ የተሰደደም፣ የተዋጋም ነበር።

ጥምቀት ያለ እምነት፤ ይህ ሕግ የሚደርስበት የመጨረሻው ቦታ ነው። ሰውነትን ውሃ ውስጥ ያስገባል። ከዚያ አያልፍም። የእኛ ዘመድ ድብልቅ የሆነበት አንዱ ምክንያት ከዚያ ዘመን የመጣ ሊሆን ይችላል ብዬ አስባለሁ። አያቶቻችን አዋጅ የለያየውን በድንኳን አገናኙት። ቀይ ክሯን የቋጠረችው ሴት ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ የተሻለ መፍትሔ ያገኘች ይመስለኛል። ይህን ስል አላጋንንም።

ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ ከውጭ ስትከሰስ የኖረችው በሕግ ነው። ቅዳሜን ታከብራላችሁ፣ ትገረዛላችሁ፣ አሳማ አትበሉም፤ አይሁድ ናችሁ ተባልን። አፄ ገላውዴዎስ በ1555 (እ.ኤ.አ.) የእምነት መግለጫው ላይ መለሰ። ግዝረት የአገር ልማድ ነው፣ ፊት እንደ መተልተል ያለ፤ ስለ ኦሪት ሕግ ብለን አይደለም አለ። አሳማም መብላት የፈለገ ይብላ፣ የማይፈልግ ይተው አለ። መልሱን ሳነብ የሮሜ 14 ድምፅ ይሰማኛል። ልማዱን አልጣለም። ለመዳን ያስፈልጋል ብሎም አልጫነም።

ያልተስማማንበት

የአንጾኪያን ነገር ለልጁ በስልክ ነገርኩት። የአጎቴንም። ዝም ብሎ ሰማኝና ከባዱን ጥያቄ ጠየቀኝ። «ጳውሎስ አንጾኪያ ላይ ያዕቆብ የላካቸው ሰዎች ኅሊና እንዳይታወክ ብሎ ዝም ቢል ኖሮ፣ ዛሬ አንቺ ክርስቲያን ትሆኚ ነበር? አንድ ሰው ካልተነሣ መቼ ነው የሚለወጠው? ደካማው ወንድም ዕድሜ ልኩን ደካማ ሆኖ ይኑር?»

ይህን ጥያቄ ማቃለል አልፈልግም። ልክ ነው። ወንድም እንዳይሰናከል እየተባለ ስንት ግፍ ሳይነካ ቀርቷል። በልጅነቴ በአንድ የማውቀው ቤት ለሙስሊም እንግዳ የሚቀርብ የተለየ ስኒ ነበር። ከመደርደሪያው ጥግ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ፣ አፉ የተሸረፈ ስኒ። እንግዳዋም ታውቀዋለች። ይህ ቀይ ክር አይደለም። ክሩ «ይህ የአንቺ ነው፣ ተጠብቆልሻል» ይላል። ስኒው «አፍሽ የነካውን አልነካም» ይላል። ያ ስኒ ፊት ለፊት የሚቃወመው ጳውሎስ ያስፈልገው ነበር። በሩ ላይ ቆሞ «ማንንም ሰው ርኩስ እንዳልል» የሚል ጴጥሮስም። ስኒውን የሰበረ ሰው ቢኖር እኔ ከእሱ ወገን ነኝ፣ የቤቱ እመቤት እጇን ብትታጠብም።

ስለዚህ ለልጁ የመለስኩለት ይህን ነው። ማንም የማይዋረድበትን ሥርዓት ማፍረስና ሰው የሚዋረድበትን ሥርዓት ማፍረስ አንድ አይደለም። ሐጂ ከእኛ ድስት አይበሉም፤ እኛም ከእሳቸው። እኩል ነን። አንጾኪያ ላይ ግን እኩል አልነበረም። አንዱ ወገን እንደ እኛ ካልሆናችሁ አንበላም አለ፣ ሌላው ተጣለ። ልጁ «ከሁለት ወገን ቢሆንም ግድግዳ ግድግዳ ነው» አለ። ኤፌሶን ላይ የጥልን ግድግዳ አፈረሰ ተብሏል አለኝ። ጥል የት አለ አልኩት። ሐጂ እኮ እጃቸውን የታጠቡት ለአጎቴ ብለው ነው።

የንስሐ አባቴንም ጠይቄያለሁ። እሳቸው ከሁለታችንም ጋር አልተስማሙም። ሥርዓቱ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ እናንተ የምትመዝኑት አይደለም አሉ። ሕግን በፍቅር ስም ሁሉም እንደመሰለው ቢለካ ነገ ሕግ አይኖርም አሉ። «ልፈጽም እንጂ ለመሻር አልመጣሁም» ያለውን አትርሺ አሉኝ። አልረሳሁም። ግን ያው ጌታ ሰንበት ስለ ሰው ተፈጠረ ብሏልና ሰው መለኪያ ውስጥ መግባቱን ከራሱ ነው የተማርኩት። ይህን አልኳቸው። ፈገግ አሉና «አንብቢ» አሉኝ።

ሳነብ ደግሞ ሌላ ነገር አገኘሁ። ገላትያ ላይ ጳውሎስ ጴጥሮስን ተቃወምሁት ይላል እንጂ ጴጥሮስ ምን እንደመለሰ አይነግረንም። ተጸጸተ? ተቆጣ? ተመልሶ ከአሕዛቡ ጋር ተቀመጠ? የለም። በሁለተኛው የጴጥሮስ መልእክት መጨረሻ ላይ ግን ጳውሎስ ይጠቀሳል። «የተወደደው ወንድማችን ጳውሎስ» ይለዋል፤ በመልእክቶቹም ለማስተዋል የሚያስቸግር ነገር አለ ይላል። በአደባባይ የገሠጸውን ሰው ወንድማችን ይላል፤ የጻፈው ከባድ መሆኑንም አይሸሽግም።

ይህን ቁጥር ለልጁ ላክሁለት። «ይሄ ግን ጴጥሮስ በነገሩ ተስማማ ማለት አይደለም» ብሎ መለሰልኝ። አይደለም አልኩት። ለፋሲካ ደሴ እንደሚመጣ ነግሮኛል፤ ክርክሩን እዚያ እንቀጥላለን።